ውስጡ ባዶ የሆነ ኦክ ሞቷል ያለው ማነው?

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው ምሥራቅ ለንደን ነው፤ እዚህ አገር ከመጣሁ 14 ዓመት ሞላኝ። ባለፈው ቅዳሜ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ይዘን ችግኝ ለመትከል ከከተማ ወጣ ብለን ነበር። 200 ችግኝ ተከልን። እያንዳንዱን በፕላስቲክ ቱቦ አልብሰን፣ ንፋስ እንዳይጥለው በችካል አሰርነው። ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ደስ ብሏቸው ዋሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወደ መኪናችን ስንመለስ ከአጥሩ ማዶ የተጋደመውን ኦክ እስካይ ድረስ።

ያን ዛፍ አውቀዋለሁ። ሁለት ጎልማሳ እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይከበው፣ ግንዱ ከታች እንደ በር የተከፈተ፣ ልጅ ገብቶ የሚቆምበት ዛፍ ነበር። አሁን በአራት ተቆርጦ ተኝቷል። ጠጋ ብዬ ጉቶውን አየሁት። ከቅርፊቱ ቀጥሎ ያለው ሁለት ጣት የሚሆን እንጨት ነጣ ያለና እርጥብ ነው፤ እጄን ሳሳርፍበት ቀዘቀዘኝ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታም አለው። ከዚያ ወደ ውስጥ ጠንካራ ቡናማ እንጨት ይመጣል። መሐሉ ባዶ ነው፤ እንደ ቡና አተላ ያለ ብስባሽ ሞልቶታል። እዚያ የነበረውን ሠራተኛ ስጠይቀው ዛፉ ውስጡ ተቦርቡሮ ስለሞተ መቆረጡን፣ በምትኩም ችግኝ መተከሉን ነገረኝ። ምትክ የተባለው ችግኝ ልጆቹ በእጃቸው የተከሉት ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ኦክ የሞተ ዛፍ አይደለም። 200 ችግኝም የአንድ ሽማግሌ ኦክ ምትክ አይሆንም። ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ሙያው ያላችሁ ደግሞ አስረዱኝ፤ ለመሆኑ እዚህ አገር እንዲህ ላለው ዛፍ የሚቆምለት ሕግ አለ?

(የውይይቱ ክር በሦስት ሳምንት 23 መልስ ደረሰ። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች የተባለውን በተራ ቁጥሩ እየጠራሁ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ መልስ። መጀመሪያ የጻፈችልን በርሚንግሃም በነርስነት የምትሠራ እህታችን ናት። ልጆቹን ስላወጣናቸው አመስግና፣ ያደገችበት መንደር ዳር ስለነበረው ዋርካ አወራችን፤ ሽማግሌ የሚሸመግልበት፣ ዕድር የሚሰበሰብበት ዋርካ። በመጽሐፍ ቅዱሳችን አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለበት የመምሬ ዛፍ በአማርኛው አድባር ዛፍ መባሉን አስታውሳ፣ እንግሊዞች እዚያ ቦታ ላይ ኦክ ብለው እንደሚያነቡ ነገረችን። ከዚያ ወዲህ በክሩ ሁሉ ሽማግሌ ኦክ አድባር እየተባለ ቀረ።

2ኛ መልስ። ይህ በኬንት 9 ዓመት ዛፍ ላይ እየወጣ ሲመለምል የኖረ ወንድማችን ነው፤ ክሩን የተሸከመው እርሱ ነው ብል አላጋነንኩም። የዛፍ ሕይወት ያለው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋንና ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ነጣ ያለ እንጨት ላይ እንደሆነ አስረዳን። መሐለኛው እንጨት በጤነኛ ዛፍም ቢሆን ሥራውን የጨረሰ ነው። ይህን መሐል የሚበሉ እንጉዳዮች አሉ፤ ሕያው የሆነውን ክፍል ግን አይነኩም። ብስባሹ ለዛፉ መልሶ ማዳበሪያ ይሆነዋል፤ አንዳንዱ ኦክ እንዲያውም ከገዛ ግንዱ ውስጥ ሥር ሰዶ ብስባሹን ይመገባል። ከላይ ያሉት ቅርንጫፎች እንደ አጋዘን ቀንድ ደርቀው ሲቆሙ ሰው ሞት ይመስለዋል። ዛፉ ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ከታች አዲስ ቅጠል አውጥቶ፣ በትንሽ ወጪ ለመኖር እየተዘጋጀ ነው። ምሳሌ ያደረገው በሊንከንሻየር ያለውን የቦውቶርፕ ኦክ ነው፤ ዙሪያው ከ12 ሜትር በላይ፣ ዕድሜው ከ1,000 ዓመት በላይ እንደሚሆን የሚገመት፣ በ1768 ባለቤቱ ውስጡን አስተካክሎ መቀመጫ ያደረገለት ዛፍ። ይኸው እስከ ዛሬ ቅጠል ያወጣል።

3ኛ መልስ። አንድ ጠንቃቃ ሰው በትሕትና አረመኝ። ሁለት ጎልማሳ የማይከበው ማለት መለኪያ አይደለም፣ የሰው ክንድ ይለያያል ሲል ጻፈ። ዛፍ የሚለካው ከመሬት 1 ሜትር ከ50 ላይ ሜትር ዙሪያውን ተጠምጥሞ ነው። 3 ሜትር ተኩል ዙሪያ ያለው ኦክ ለኦክ ገና ጎልማሳ ሊሆን ስለሚችል፣ ሽማግሌ ከማለቴ በፊት እንድለካ መከረኝ። እውነቱን ነው።

4ኛ መልስ። የእኔ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመልሼ ሄጄ የወደቀውን ግንድ ለካሁት፤ 5 ሜትር ከ20 ሆነ። የኬንቱ ወንድም ከ300 ዓመት በላይ ቢባል አይበዛበትም አለ። የአገሩ ሰዎች ኦክ 300 ዓመት ያድጋል፣ 300 ዓመት ይኖራል፣ 300 ዓመት ይሞታል የሚሉትንም አብሮ ጠቀሰ። በዚህ ስሌት የቆረጡት ዛፍ ሁለተኛውን 300 ዓመቱን ገና መጀመሩ ነበር።

5ኛ መልስ። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንድ ወንድም ልጆቹን ይዞ በአንድ ክፍል 6 ዓመት ቤት ሲጠብቅ እንደኖረ ጽፎ፣ ወገን ቤት አጥቶ ሳለ ለፈረንጅ ግንድ ማልቀሱ እንዳሳዘነው ተናገረ። ዛፉ ተቆርጦ ቤት የሚሠራ ከሆነ ይቆረጥ አለ። ምሬቱ ልቤን ነካኝ፤ ወዲያው ልመልስለት አልቻልኩም።

6ኛ መልስ። ማንቸስተር ያለች እህት ግን አላዘነችለትም። ዛፉ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ቤት እንዳልተሠራ፣ ችግኝ እንደተተከለ በመነሻው ላይ መጻፉን ጠቁማ፣ ሳያነቡ መልስ መስጠት ነውር እንደሆነ ኮስተር ብላ ነገረችው።

7ኛ መልስ። የበርሚንግሃሟ እህት ተመልሳ ሁለቱንም አበረደቻቸው። የቤት ችግር የእርሷም ችግር እንደነበረ፣ ሆኖም ያኔ ከሌሊት ሥራ በኋላ መናፈሻ ሄዳ ከዛፍ ሥር መቀመጥ ባትችል ምን ትሆን እንደነበር አታውቅም። ይህን ያለችው በሦስት መስመር ነው፤ ጸጥ አልን።

8ኛ መልስ። ከኢንቨርነስ የጻፈው ወንድም ወደ ተራራ ወሰደን። በስኮትላንድ ተራሮች ላይ ለሥራም ለእግር ጉዞም ብዙ ዞሯል። ስሜን ላይ የአስታው ዛፍ ከ3,600 ሜትር አልፎ እንደሚወጣ ለምናውቅ ሰዎች የሚገርም ነገር ነገረን፤ በኬርንጎርምስ ተራሮች፣ ክሬግ ፊያክላክ በሚባለው ቦታ፣ የስኮትላንድ ጥድ ከ640 ሜትር በላይ አይዘልም። የአገሪቱ ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ ራሱ 1,345 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከጫፉ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ዛፉን የሚያስቀረው ንፋሱና አጭሩ በጋ ነው። እዚያ ድንበር ላይ ያሉት ዛፎች 200 ዓመት ኖረውም ከሰው ወገብ አይበልጡም፤ ንፋሱ ወደ አንድ ጎን አጉብጧቸው፣ መሬት ላይ ተኝተው ያድጋሉ።

ከዚያ በላይ ደግሞ ዛፍ ናቸው ብሎ ማንም የማያምናቸው አሉ። ከሁሉ ያነሰችው አኻያ ናት። እኛ ወንዝ ዳር የምናውቃት የአኻያ ዘመድ ስትሆን ቁመቷ ከ5 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ግንዷ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ጣት ጥፍር የምታክል ክብ ቅጠል ብቻ ብቅ ታደርጋለች። ይህ ወንድም በመጀመሪያው ዓመት ሣር መስላው ረግጧት እንዳለፈና አብሮት የነበረ ሽማግሌ ስኮትላንዳዊ አስቁሞ በጉልበቱ አንበርክኮ እንዳሳየው ጻፈ። ቅጠሏ ሱፍ የለበሰ የሚመስል ሌላ አኻያ አለች፤ እርሷ በጥቂት ቋጥኞች ላይ ብቻ ነው የቀረችው። ለምን ቢባል አጋዘንና በግ ከሚደርሱበት ቦታ ሁሉ ተበልታ አልቃለች፤ የተረፈችው አፋቸው በማይደርስበት ገደል ላይ ነው። ሮዋን የሚባለው ቀይ ፍሬ ያለው ዛፍም እንዲሁ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ በቅሎ ከሌላው ዛፍ ሁሉ ከፍ ብሎ ይገኛል።

9ኛ መልስ። አንዲት የዕፅዋት ተማሪ ጥድ የሚለውን ቃል አረመች፤ ይህን እርማት በጣም ወደድኩት። ስኮትላንድ ጥድ የተባለው ፓይን እንጂ የኛ ጥድ የቅርብ ዘመድ አይደለም። የኛ የሐበሻ ጥድ እውነተኛ ወንድሙ ጁኒፐር የሚባለው፣ በስኮትላንድ ተራራ ላይ ከአስታ ዘመዶች ጋር ተጠጋግቶ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው ጂን የሚባለውን መጠጥ ያጣፍጣል። ቤተ ክርስቲያን የሚሠራበት፣ 30 ሜትር የሚደርሰው የኛ ጥድና ከጉልበት የማይበልጠው የእነርሱ ቁጥቋጦ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ብሪታንያ ውስጥ ማንም ሳይተክላቸው በራሳቸው የበቀሉ ሾጣጣ ቅጠል ዛፎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ስኮትስ ፓይን፣ ጁኒፐርና ዩው።

10ኛ መልስ። ዩው መጠራቱን አይተው ፐርዝ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ጻፉልን። ኑሯቸው ከፎርቲንጋል መንደር ብዙ አይርቅም፤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ዩው ከ2,000 ዓመት እስከ 3,000 ዓመት እንደሚሆነው ይገመታል። በ1769 ሲለካ ዙሪያው 16 ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ጎብኚ እየቆረሰ ስለወሰደው አሁን የቀረው የተነጣጠሉ ግንዶች ብቻ ናቸው፤ ድሮ የቀብር ሰልፍ በመሐሉ ያልፍ እንደነበር ይነገራል። እርሳቸው የደነቃቸው ሌላ ነው። ዛፉ በታወቀበት ዘመን ሁሉ ወንድ ነበር። በ2015 ግን አንድ ቅርንጫፉ ላይ ሦስት ቀይ ፍሬ ተገኘ፤ ያ ቅርንጫፍ ብቻ ሴት ሆኗል። አባታችን ጎጃም ያደጉበትን ደብር ደን አስታውሰው፣ እዚህም እዚያም ዛፍ ከመጥረቢያ የሚድነው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲይዘው መሆኑን ጻፉ።

11ኛ መልስ። አንድ ወጣት ዩው በየቤተ ክርስቲያኑ የተተከለው ለቀስት እንጨት ነው ብሎ እርግጠኛ ሆኖ ጻፈ።

12ኛ መልስ። የኢንቨርነሱ ወንድም ነገሩ ያን ያህል ቀላል እንዳልሆነ አስረዳው። የእንግሊዝ ጦር ቀስት በአብዛኛው የሚሠራው ከባሕር ማዶ በመጣ ዩው ነበር። በ1472 የወጣ ሕግ እንዲያውም ወደ እንግሊዝ ወደብ የሚገባ መርከብ በጫነው ልክ፣ ለእያንዳንዱ ቶን 4 የቀስት እንጨት እንዲያመጣ ያስገድድ ነበር። ከብት ወደ መቃብሩ እንዳይገባ ነው የሚሉ አሉ፣ ቅጠሉ መርዝ ነውና፤ ዛፉ ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት የነበረባቸው ቦታዎችም አሉ። ቀስት ከተነሳ አይቀር ብሎ ደግሞ በ1990 በደቡብ ስኮትላንድ ሞፋት ተራሮች ላይ አንድ መንገደኛ ከረግረግ ውስጥ ያገኘውን ቀስት ነገረን፤ ከዩው የተሠራ፣ 6,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ። ያ ግኝት ሰዎችን አነሳስቶ፣ ተራራው በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ደን እንደነበረው ከረግረጉ የአበባ ብናኝ አጥንተው፣ ካሪፍራን የሚባለውን ሸለቆ ገዝተው፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ጀምሮ ከ600,000 በላይ ዛፍ ተክለውበታል። በግ የጋጠው ራቁት ሸለቆ ዛሬ በርችና አኻያ ለብሷል። እዚህ ላይ የበርሚንግሃሟ እህት በሌላ መልስ ሳይሆን እዚያው ሥር ጣልቃ ገብታ፣ ለጡት ካንሰር ታማሚዎቿ የምትሰጠው ዶሲታክሰል የሚባለው መድኃኒት ከዚሁ መርዛም ዩው ቅጠል እንደሚጀምር ጨመረች።

13ኛ መልስ። ይህ ክሩን አናወጠው። ጸሐፊው እንግሊዞች ደናቸውን ጨፍጭፈው መርከብ ሠርተው ዓለምን ከዘረፉ በኋላ ዛሬ ስለ ዛፍ እኛን ሊያስተምሩ መነሳታቸውን በኃይለ ቃል ጻፈ። ቪክቶሪ የተባለችው የጦር መርከባቸው ብቻ 6,000 ያህል ዛፍ እንደበላች አስረጅ አደረገ። እኔንም የፈረንጅ ጠበቃ አለኝ። ቅር አለኝ፣ ግን አልመለስኩለትም።

14ኛ መልስ። የመለሰለት የኬንቱ ነው፤ የመርከቧን ቁጥር ተቀብሎ ፍርዱን ግን አልተቀበለም። የደን ታሪክ ተመራማሪው ኦሊቨር ራክሃም እንዳሳየው፣ ደኑን ያጠፋው በዋነኛነት እርሻ እንጂ መርከብ አይደለም፤ ያም ከጥንት ጀምሮ ነው። እንጨት የሚፈልግ ሰው ደኑን ይጠብቃል፣ ምክንያቱም የተቆረጠው ዛፍ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ይህ ለኛ አዲስ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንዴት እንደሚያቆጠቁጥ ያላየ ሐበሻ የለም። እንግሊዞችም ሐዘልና አሽ የሚባሉትን ዛፎች በየጥቂት ዓመቱ ከመሬት እየቆረጡ፣ ከብት የሚሰማራበት ቦታ ሲሆን ደግሞ ከብት እንዳይደርስበት ከሰው ቁመት በላይ እየመለመሉ ኖረዋል። እንዲህ የተመለመለ ዛፍ ወገቡ እየወፈረ ከማንም በላይ ይኖራል። ያም ሆኖ በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ የብሪታንያ ደን 5 በመቶ ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919፣ መንግሥት የደን ኮሚሽን አቋቁሞ መትከል ጀመረ፤ ዛሬ 13 በመቶ ገደማ ደርሷል።

15ኛ መልስ። የዕፅዋት ተማሪዋ ግን በዚያ 13 በመቶ እንዳንታለል አስጠነቀቀች። ከሾጣጣ ቅጠል ዛፎቹ ግማሽ ያህሉ ሲትካ ስፕሩስ ነው፤ ዴቪድ ዳግላስ የተባለ ዘር ሰብሳቢ በ1831 ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የላከው። በረድፍ ተተክሎ፣ ከሥሩ ብርሃን የማይገባበት ጨለማ ነው። በሰሜን ስኮትላንድ ፍሎው ካንትሪ በሚባለው ታላቅ ረግረግ ላይ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ሀብታሞች ግብር ለመቀነስ ሲሉ ዛፍ አስተከሉበት፤ ረግረጉ ደረቀ፣ ወፎቹ ተሰደዱ። በ1988 ያ የግብር መንገድ ተዘጋ፣ ዛሬ ዛፎቹ እየተነቀሉ ነው፤ ቦታው በ2024 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። መትከል ሁሉ ጽድቅ አይደለም ማለቷ ነው። አንድ ሽማግሌ ኦክ በአንጻሩ የሚያስጠጋውን ብትቆጥርልን አፋችንን ያዝን፤ በኦክ ላይ የሚኖሩ 2,300 ዓይነት ፍጥረታት ተመዝግበዋል፣ ከእነርሱም 326ቱ ያለ ኦክ መኖር አይችሉም። የ13ኛው መልስ ባለቤትም ተመልሶ ስለ እርሻው ያለው አሳማኝ መሆኑን ተቀበለ፤ ስለ ዘረፋው ግን አንድ ቃል አላነሳም። አላስገደድነውም።

16ኛ መልስ። ከርዕስ ወጣን። አንዲት እናት የኦክ ፍልጥ ለጠላ ጋን ማጠኛ የወይራን ቦታ ይተካ እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ጌሾ ለንደን የት እንደሚገኝ፣ የደረቀው ይሻላል ወይስ የተወቀጠው፣ ብዙ ተባለ። ኦክ ጭሱ ሌላ ጣዕም እንዳለው፣ አሳ ማጨሻ እንደሚያደርጉት አንድ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነገራቸው፤ እናታችን ወይራቸውን ከአገር ቤት ማስላክ መረጡ።

17ኛ መልስ። የማንቸስተሯ እህት ወደ ጉዳዩ መለሰችን። በሰሜን እንግሊዝ ባለው ጥንታዊ የሃድሪያን ግንብ አጠገብ፣ በሁለት ኮረብታ መሐል ብቻውን ቆሞ የነበረውንና በሴፕቴምበር 2023 በሌሊት በመጋዝ የተቆረጠውን ሲካሞር አነሳች። ሁለት ሰዎች በ2025 እያንዳንዳቸው 4 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደባቸው። እርሷ ዛፉን ዘኬዎስ የወጣበት ሾላ ብላ ጠራችው። የዕፅዋት ተማሪዋ ስሙ ብቻ እንደተመሳሰለ፣ ይህኛው የሜፕል ወገን እንደሆነና ለብሪታንያም መጤ እንደሆነ በአንድ መስመር አረመቻት። የእህታችን ጥያቄ ግን ስለ ስሙ አልነበረም። 150 ዓመት ገደማ የሆነው መጤ ዛፍ ስመ ጥር ስለነበረ አገር አለቀሰለት፤ ዕድሜው የዚያ እጥፍ የሆነው የኔ ኦክ ግን ስም ስላልነበረው ማንም አልጠየቀለትም። ይህን ሳነብ ስለዚያ ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።

18ኛ መልስ። የሕግ ሙያ ያለው ወንድም ጥያቄዬን መለሰ። ዕድሜ ብቻውን ለዛፍ ጥበቃ አይሰጠውም። ከ1947ቱ የፕላን ሕግ ወዲህ የአካባቢው ምክር ቤት በአንድ ዛፍ ላይ የጥበቃ ትእዛዝ ማውጣት ይችላል፤ ትእዛዙ ያለበትን ዛፍ ሳያስፈቅዱ መቁረጥ ወንጀል ነው። ትእዛዝ ከሌለ ዛፉ የባለ መሬቱ ነው፤ ሆኖም በ3 ወር ውስጥ ከ5 ሜትር ኪዩብ በላይ የሚቆርጥ ሰው የተለየ ምክንያት ከሌለው ፈቃድ ያስፈልገዋል። የተቦረቦረ ዛፍ ከሆነ ደግሞ የሌሊት ወፍ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ማደሪያዋን ማፍረስ ብቻውን ሕግ መጣስ ነው። በአፕሪል 2025 በሰሜን ለንደን ኤንፊልድ፣ እስከ 500 ዓመት ይሆነዋል የተባለ ኦክ መናፈሻ ዳር እንዴት እንደተቆረጠም አስታወሰን፤ ቆራጮቹ ለሰው አደጋ ነው አሉ፣ ምክር ቤቱ የጥበቃ ትእዛዝ ያወጣው ከተቆረጠ በኋላ በቀረው ጉቶ ላይ ነው። ስለዚህ ምክሩ አጭር ነው፤ ሰፈራችሁ ያለውን ዛፍ ሳይቆረጥ አስመዝግቡ።

19ኛ መልስ። ላውተን የምትኖር እህት፣ በሴንትራል መስመር ባቡር ከኔ 20 ደቂቃ የማትርቅ፣ ስለ ኤፒንግ ደን ጻፈች። እዚያ ድሆች ከኖቬምበር 11 ጀምሮ በብርዱ ወራት ለማገዶ ቅርንጫፍ የመመልመል መብት ነበራቸው። በ1860ዎቹ መሬቱ ሲታጠር ቶማስ ዊሊንጌል የተባለ ሽማግሌ መብቴን አልለቅም ብሎ ተሟገተ፤ ዘመዶቹ ታሰሩ። ክርክሩ አድጎ በ1878 ደኑ ለሕዝብ እንዲሆን ሕግ ወጣ። የመመልመሉ መብት ግን በካሳ ተተካ፤ በካሳው የተሠራው አዳራሽ ዛሬም ላውተን ላይ ቆሟል፣ ልጇም ባሌት የምትማረው እዚያ ነው። አሁን ያለው ችግር የተገላቢጦሽ ነው። 140 ዓመት ያልተመለመሉት ዛፎች ራሳቸው ከብዶ በንፋስ እየተሰነጠቁ ነው፤ ጠባቂዎቹ በጥንቃቄ መልሰው ማቅለል ጀምረዋል። ያን ደን ያዳነው ለማገዶ ሲል የተጣላ ድሃ ነው፤ ይህን የ5ኛው መልስ ወንድማችን እንዲያነበው ፈለግሁና ስሙን ጠርቼ አሳሰብኩት።

20ኛ መልስ። አነበበው፤ መጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ በለሰለሰ ቃል፣ ትንሹን ልጁን ይዞ ኤፒንግ እንደሚሄድ ጻፈ፤ ልጆች ዛፉ ሥር ቢሯሯጡ ጉዳት አለው ወይ ብሎም ጠየቀ።

21ኛ መልስ። የኬንቱ ወንድም ጥያቄውን ትልቅ ጥያቄ አለው። በሸርዉድ ደን ያለው ሜጀር ኦክ፣ ዙሪያው 11 ሜትር ያህል፣ ቅርንጫፎቹ በምርኩዝ የቆሙ፣ በብዙ ሺህ ጎብኚ እግር አፈሩ ተረግጦ እንደ ድንጋይ ስለጠነከረ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአጥር ተከልሏል። ሥር አየር ይፈልጋል። ይህን ለዓለም ያስተማረው ደግሞ የንፋስ ማዕበል ነው። በኦክቶበር 1987 ሌሊት 15 ሚሊዮን ዛፍ በወደቀበት ማዕበል፣ በኪው የዕፅዋት ማዕከል በ1798 የተተከለው የተርነር ኦክ ከነሥሩ ተነስቶ ተመልሶ እዚያው ቁጭ አለ። ከማዕበሉ በፊት ታሞ ነበር። ሊቆርጡት ወረፋ ይዘውለት ሳለ፣ 3 ዓመት ያህል ቆይተው ቢያዩት ከቀድሞው ይልቅ ለምልሞ ተገኘ፤ መናወጡ የተረገጠውን አፈር አላልቶለት ነው። ዛሬ ሌሎች ሽማግሌ ዛፎችን አፈራቸውን በአየር ግፊት እያላሉ ያክሟቸዋል። ለወንድማችን የሰጠው መልስ እንግዲህ ልጁ እንደ ልቡ ይሩጥ፣ ሽማግሌው ኦክ ሥር ግን ቅርንጫፉ ከሚያበቃበት ወዲያ ይሁን የሚል ነው።

22ኛ መልስ። ከብራይተን አንድ ሰው ኤልም ስለሚባለው ዛፍ ጻፈ፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበሽታ ከ25 ሚሊዮን በላይ እንዳለቀ፣ የእርሱ ከተማ እየተከታተለ በማከሙ የቀሩትን እንደያዘ። በ2012 የገባው የአሽ በሽታም ያንኑ እየደገመ ነው።

23ኛ መልስ። የመጨረሻው የኔ ነው። ትናንት የኬንቱ ወንድም በራሱ መኪና መጥቶ አብረን ወደዚያ ቦታ ሄድን። የመሬቱ ኃላፊ ሰዎችን አነጋገርን። የወደቀው ግንድ ለማገዶ ሳይወሰድ እዚያው እንዲተኛ ለመንን፤ በሞተ ኦክ ውስጥ ብቻ የሚያድጉ ጥንዚዛዎች ስላሉ። ፈቀዱ። ከዚያ በአጥሩ ጫፍ፣ እሾህ የዋጠው ሌላ ኦክ እንዳለ ወንድማችን አየ። ቁጥቋጦውን ገፍቶ ገብቶ የሜትሩን ጫፍ አቀበለኝ፣ ዞሬ መጣሁ፤ 4 ሜትር ከ85። ግንዱ ላይ በጡጫ ልክ የሆነ ቀዳዳ አለው፤ አፍንጫዬን ሳስጠጋ ከውስጥ ብስባሹ ሸተተኝ። ቅርንጫፎቹ ላይ እንቡጡ ሞልቷል። ማንም ሰው ሽማግሌ ዛፍ በሚያስመዘግብበት የዉድላንድ ትረስት መዝገብ ላይ ማታውኑ ከነፎቶው አስገባሁት፤ ለምክር ቤቱም የጥበቃ ትእዛዝ እንዲወጣለት የሕግ ባለሙያው ወንድም ባረቀቀልኝ ደብዳቤ ጠይቄያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ልጆቹን ይዤ እዚያው እገኛለሁ፤ የተከሉት ችግኝ ቱቦው ሥር ሣር ውጦታልና ሣሩ ይነቀልለታል። መምጣት የምትችሉ ጓንት ይዛችሁ ኑ።